ቃሉ ራሱ ይጻፍ፦ በስም ማጥፋት ክስ የአቤቱታ አጻጻፍ ታሪክ



የዛሬው ጥያቄያችን በጋዜጣ ወይም በሬዲዮ ስሙ የጠፋ ሰው በአሳታሚው ላይ ክስ ሲመሠርት አቤቱታው ምን መያዝ አለበት የሚለው ነው። ከሐይቅ በስተሰሜን በአምባሰል የምትገኘው ውጫሌ ስለዚህ ጥያቄ የምታስተምረን ነገር አላት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በኢጣሊያ አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ በአማርኛው ሲናገር፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ጠቡ የተነሣው ከአንድ ግስ ነው፤ ፍጻሜውም ዐድዋ ሆነ። ስለ ቃል የሚደረግ ክርክር ቃሉ በተነገረበት ቋንቋ፣ እንደተነገረ ካልቀረበ ዳኝነት አያገኝም።

በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በቃል ይሟገቱ ስለነበር፣ ተከሳሽ የሚመልሰው በጆሮው ለሰማው ነገር ነበር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሙግቱን ወደ ጽሑፍ አዛወረው። በቁጥር 80 አቤቱታው ክሱ የተመሠረተባቸውን ዋና ዋና ፍሬ ነገሮች ባጭሩ እንዲይዝ አዘዘ፤ በቁጥር 231 ደግሞ የክስ ምክንያት የማያሳይ አቤቱታ ውድቅ እንዲሆን ደነገገ። ሆኖም ቁጥር 80 ለስም ማጥፋት ብቻ የተለየ መለኪያ አላስቀመጠም።

ስለዚህ መለኪያውን የምናገኘው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2044 መሠረት ንግግሩ ወይም ጽሑፉ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግ መሆን አለበት። ጉዳዩ የሕዝብን ጥቅም የሚነካ ከሆነ በቁጥር 2046 መሠረት የጸሐፊው ሐሰትነቱን በእርግጥ ማወቅ መረጋገጥ ይኖርበታል። በቁጥር 2047 ተከሳሹ የተናገረው እውነት መሆኑን በማስረዳት ሊከላከል ይችላል። ቁጥር 2135 ደግሞ ለጋዜጣ ዋና አዘጋጁን፣ ለመጽሐፍ አሳታሚውን ኃላፊ ያደርጋል።

እነዚህን ድንጋጌዎች አንድ ላይ ስናነብ ጥሩ አቤቱታ ምን እንደሚይዝ ግልጽ ይሆናል፤ የተባለውን ቃል፣ የወጣበትን ቀንና እትም፣ ከሳሹን እንዴት እንደሚያመለክት፣ ተከሳሹ በምን ኃላፊነት እንደተጠራ ይዘረዝራል። «ስሜን አጠፋ» ብቻ የሚል አቤቱታ ግን ተከሳሹን እውነትነቱን ከማስረዳት መብቱ ያግደዋል፤ ያልተገለጸለትን ቃል እውነት ነው ብሎ ማስረዳት አይችልምና።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ይከብዳል። በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ዘመን ብዙ አዘጋጆች በወንጀል ችሎት ቆመዋል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የኅሊና ጉዳት ካሳን እስከ 100,000 ብር አደረሰው፤ ቀድሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጣሪያው 1,000 ብር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ ለፍትሐ ብሔር ችሎት ተወው። ስለዚህ ቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ይጽፈው የነበረውን ክስ አሁን ተበዳዩ ራሱ ይጽፋል።

ሚዛኑ እዚህ ላይ ይፈተናል። ስለራሱ የተነገረውን አንድ ጊዜ ብቻ በሬዲዮ የሰማ የውጫሌ ገበሬ ቃል በቃል ሊጽፈው አይችልም፤ የድምፁ ቅጂ ያለው በተከሳሹ እጅ ነው። በዚህ ጊዜ በቁጥር 231 መዝገብ ለመዝጋት መቸኮል ደካማውን ከችሎት ማባረር ይሆናል። ቁጥር 91 አቤቱታን ማሻሻል ይፈቅዳል። ስለዚህ ዳኛው የቃሉን ፍሬ፣ ቀኑንና ዝግጅቱን የገለጸን ከሳሽ ተቀብሎ፣ ቅጂው ሲገኝ ትክክለኛውን ቃል እንዲያሟላ ቢያዝዝ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ይሆናል። ቃሉን በእጁ ይዞ ያልጻፈ ከሳሽ ግን ይህን ዕድል ሊጠይቅ አይገባውም።