ቋንቋውን ሳንሰማ ያለቀስንበት

ባለፈው ሰሞን ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ሥር የጀበና ቡናዬን ይዤ ጋዜጣ አገላብጣለሁ። አጠገቤ አንድ ልጅና አንዲት ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቷ ረጅም ወሬ ይዛለች፤ በሕፃንነታቸው ስለተለያዩ ሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ አንዱ ለሌላው ደም ሊለግስ ሆስፒታል ሄዶ ተገናኙ ልትል ነው መሰለኝ። ልጁ በትዕግሥት ሲያዳምጥ ቆየና በቃው። «ተይ ባክሽ፣ የህንድ ፊልም አታድርጊው!» አላት። እሷ ሳቀች። እኔም በጋዜጣዬ ተከልዬ ሳቅሁ።

ስቄ ሳበቃ ግን አንድ ነገር ቆነጠጠኝ።

በኛ አገር «የህንድ ፊልም» ስድብ ከሆነ ቆይቷል። የማይታመን ነገር ያወራ፣ በትንሽ በትልቁ እንባው የሚቀድመው፣ ከእጮኛው ጋር ዛፍ ለዛፍ የሚሯሯጥ ሁሉ «የህንድ ፊልም» ነው። ጀግናው አምስት ጥይት ጠጥቶ እንኳ ዘፈኑን ሳይጨርስ አይሞትም እያልን ቀልደናል። እኔ ይህን ቀልድ ከማንም በላይ ቀልጄዋለሁ። ቀልጄ ብቻ ብተወው ደግ ነበር፤ ፈረድኩበት እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ርዕስ ይዞ ቢሮዬ መጣ። የባሕር ዳር ቪዲዮ ቤቶች ውስጥ የህንድ ፊልም የሚያዩ ሰዎች ቋንቋውን ሳይሰሙ ታሪኩንና ዘፈኑን እንዴት እንደሚረዱት ላጥና ይላል። ወረቀቱን አየሁት። መነጽሬን አወለቅሁ፤ መምህር መነጽሩን ሲያወልቅ ምን እንደሚከተል ተማሪ ያውቃል። «ልጄ፣ ይሄ ሥነ ጽሑፍ አይደለም። ደህና ርዕስ ይዘህ ና» አልኩት። ደህና ርዕስ ይዞ መጣ። በአንድ የታወቀ ልቦለድ የገጸ ባሕርይ አሳሳል ላይ እንደማንኛውም ተማሪ ጻፈ፣ እንደማንኛውም ተማሪ ውጤት አገኘ፣ ተመረቀ፣ ሄደ።

ይህን ያልኩት የህንድ ፊልም የማላውቅ ሰው ሆኜ አይደለም። መጀመሪያ ያየሁት እንዲያውም በጆሮዬ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ አዲስ አበባ ትማር ነበር። ክረምት ክረምት ስትመጣ ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ በቆሎ እየጠበሰች ያየችውን ፊልም ትተርክልናለች። የ«ማዘር ኢንዲያ»ን እናት፣ በገዛ እጇ ጠመንጃ አንሥታ የምትወደውን ልጇን የምትገድለውን እናት፣ እኔ የማውቃት በእትዬ ድምፅ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያለቅስ ነበር። ከዓመታት በኋላ ፊልሙን ራሱን ሳየው የእትዬ በለጠብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ስድስት ኪሎ ውስጥ የሚወራው ስለ ሼክስፒርና ስለ ሩስያ ደራስያን ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ መርካቶ እንወርዳለን፤ ሲኒማ ራስ ወይም አዲስ ከተማ ሲኒማ። የህንድ ፊልም ቤታቸው እነዚያ ነበሩ። ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ ልጇን ያዘለች እናት፣ ሁሉም አብሮ ያያል፤ ክፉው ሰው ሲመጣ ሁሉም አብሮ ይሳደባል። ሰኞ ክፍል ስንገባ የት ዋላችሁ ብንባል አንናገርም።

እንዴት መጡ ብለን ብንጠይቅ፣ ህንድ ለኛ ሩቅ አገር ሆና አታውቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1956 ህንድን ጎብኝተዋል። የሐረር ጦር አካዳሚ በቀጣዩ ዓመት ሲከፈት ያቋቋሙትና ያስተማሩት የህንድ መኮንኖች ናቸው። በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡንና ሳይንሱን ያስተማሩን ህንዶች ስንት ናቸው! የዚያ ትውልድ ሰው ዛሬም እንግሊዝኛው ውስጥ አንዲት የህንድ ቅላፄ አትጠፋም። ፊልሙም የኛን ሰው ለመማረክ ብዙ አልደከመም። የአማት ነገር፣ የአራጣ አበዳሪ ነገር፣ የእናት እርግማን ነገር፣ ሀብታምና ድሃ ተዋደው ቤተሰብ እንቢ የሚልበት ነገር፤ ይህ ሁሉ ለጎጃም ገበሬ ልጅ ማብራሪያ አይፈልግም። አባት ከሴት ልጁ ጋር ተቀምጦ ሳያፍር የሚያየው ፊልምም ነበር።

እኔን የቀሰቀሰኝ አንድ የሞት ዜና ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2021 ዲሊፕ ኩማር በ98 ዓመቱ ሞተ። ዜናውን ሳነብ እውነተኛ ስሙ ዩሱፍ ኻን እንደነበር፣ የተወለደውም ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው በፔሻዋር እንደሆነ አየሁ። ቀጠልኩ። ማድሁባላ፣ ያቺ ፖስተሯ በየሱቁ የተለጠፈው ቆንጆ፣ ሙምታዝ ነበረች፤ ልቧ ከልደቷ ጀምሮ ቀዳዳ ስለነበረው በ36 ዓመቷ ሞተች። የ«ማዘር ኢንዲያ»ዋ ናርጊስ ፋጢማ ነበረች። የእንባ ንግሥት የሚሏት ሚና ኩማሪ ማህጀቢን ነበረች፤ «ፓኪዛ» የተባለው ትልቁ ፊልሟ እ.ኤ.አ. በ1972 በታየ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ አረፈች፤ ስትሞት የተዋቸው ግጥሞች አሏት። ግጥሞቿ በምን ቋንቋ? በኡርዱ።

እኛ «ህንድኛ» እያልን ያለፍነው ቋንቋ አብዛኛው ኡርዱ ነበር። ሂንዲና ኡርዱ በአፍ ሲነገሩ ለመለየት የሚያስቸግሩ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ በዴቫናጋሪ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል፤ ሌላው በዐረብና በፋርስ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ። እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲቆራረጡ ቋንቋውም አብሮ ተቆረጠ፤ ኡርዱ የፓኪስታን፣ ሂንዲ የህንድ ተባለ። ቦምቤይ ያሉት የፊልም ሰዎች ግን መቀሱን አልተቀበሉትም። ኡርዱ በተወለደበት አገር ከቢሮና ከትምህርት ቤት እየተገፋ ሲሄድ ሲኒማ ቤቱ አስጠለለው። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን «ሾሌይ»ን ያላየ የኔ ዘመን ሰው የለም። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጃቬድ አኽታር ንግግሩን የጻፈው በኡርዱ ፊደል ነው፤ ከዚያ ነው ወደ ዴቫናጋሪ የተገለበጠው።

ዘፈኖቹንስ ማን ጻፋቸው? እኔ ተራ ግጥም ገጣጣሚዎች ይመስሉኝ ነበር። ሻኪል ባዳዩኒ፣ ሳሂር ሉድሂያንቪ፣ ካይፊ አዝሚ፣ ማጅሩህ ሱልጣንፑሪ። እነዚህ ከፊልም በፊት በኡርዱ የግጥም ጉባኤዎች ላይ የተከበሩ ባለቅኔዎች ነበሩ። የሚጽፉትም ከአንድ ጥንታዊ ቅርጽ፣ ከጋዛል፣ ቀድተው ነው። የጋዛል ቤት ሁለት መስመር ነው፤ በሁለት መስመር ራሱን ችሎ መቆም አለበት። «ውዴ» ሲል ሴቲቱን ይሁን ፈጣሪን፣ ጨካኙ ገዢን ይሁን፣ አድማጩ ይፍታው ተብሎ ይተዋል። ይህን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሁለት መስመር? ላይኛው ሌላ፣ ውስጡ ሌላ? እኔ የዋሸራን አገር ሰው፣ ጉባኤ ቃናን በዓመት ሁለት ጊዜ ለተማሪ የማስተምር፣ ሰምና ወርቅ ከኛ በቀር የት አለ እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስኩራራ የኖርኩ ሰው፣ «ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ያልኩት ይህን ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኡርዱ ከዐረብኛ በፋርስኛ በኩል ብዙ ቃል ወርሷል። እኛም ከሴም ዘር ነን፤ ከዐረብኛም ተበድረናል። ስለዚህ ያ ሩቅ የሚመስል ቋንቋ ነፍስን ነፍስ፣ ሐቅን ሐቅ፣ ዓለምን ዓለም ይላል። ጊዜን «ወቅት» ይለዋል። ዱንያን ዱንያ ይለዋል። ሞትን ሞት ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 ቦምቤይ ላይ የታየው የህንድ የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልም ስሙ «አላም አራ» ነው፤ የዓለም ጌጥ እንደማለት። ፊልሙ አፉን ሲከፍት የተናገረው የመጀመሪያ ቃል እኛም ቤት ያለ ቃል ነው።

የታሪክ ነገር ከተነሣ አይቀር አንድ ልጨምር። ከእነዚህ ፊልሞች ሁሉ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው «ሙግሃል ኤ አዛም» ነው፤ ኬ. አሲፍ ከአሥር ዓመት በላይ የለፋበት። ዲሊፕ ኩማር ልዑል ሳሊምን፣ ማድሁባላ ልዑሉ የወደዳትን የቤተ መንግሥት ጨፋሪ ሆነው ይሠራሉ። እኛ ለሳሊም ስናለቅስ ማን እንደሆነ አላወቅንም። ያ ልዑል ኋላ ጃሃንጊር ተብሎ የነገሠው ነው፤ የጃሃንጊር ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ የኛው አገር ልጅ ነበር። በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሄዶ በደቡብ ህንድ፣ በዴካን፣ የጦር አበጋዝና እንደራሴ የሆነው ማሊክ አምባር የጃሃንጊርን ጦር ለዓመታት አደከመው። ንጉሡ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሣለ። በጦር ሜዳ ያላገኘውን ራስ በብሩሽ አገኘው። አምባር ግን እስከ 1626 ኖሮ በእርጅና ሞተ።

ወደ ጣናችን ስንመለስም ህንድ እዚህ አለች። በሱስንዮስ ዘመን በዚህ ሐይቅ ዙሪያ የተሠሩትን ሕንፃዎች ያቆመው ኖራ፣ ከህንድ በመጣ ባለሙያ እንደተገኘ ኢየሱሳዊው አልሜይዳ ጽፏል። የየመኑ መልእክተኛ አል ሃይሚ እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር ደርሶ የፋሲልን ግንብ ሲያይ፣ የሠራው ህንዳዊ መሆኑን መዝግቧል። ያው ፋሲል ኮጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ወደ ደልሂ፣ ወደ ጃሃንጊር የልጅ ልጅ ወደ አውራንግዜብ፣ ልኳል። እንግዲህ ጎንደር ተወልዶ ሲኒማ ቤት ገብቶ የሙግሃሎቹን አዳራሽ ያየ ሰው «ይሄን ቤት የት ነው የማውቀው?» ቢል አይፈረድበትም።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ ያ ተማሪ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ባሕር ዳር ግን ሰው የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤቴ የሥራ ባልደረባው እናት ስለሞቱ ለቅሶ እንድረስ ብሎ ወሰደኝ። ድንኳን ውስጥ ገብቼ «እግዜር ያጥናህ» ለማለት ወደ ሐዘንተኛው ስጠጋ እሱ ራሱ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል።

«መምህር!» ብሎ ተነሣ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሳሳ ሲል አጠገቡ ተቀምጬ የልቤን ነገርኩት። ተሳስቼ ነበር አልኩት። በመጀመሪያ የማወራው ነገር አልገባውም፤ ከዚያ ፈገግ አለ።

«እኔኮ መምህር፣ ርዕሱን ያመጣሁት ለሷ ብዬ ነው» አለኝ።

እናቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበሩ፤ ፈትል ክፍል። የቀን ፈረቃ ሲሆኑ ማታ እጁን ይዘው፣ መስኮቱ በሸራ የተሸፈነ አንድ ቪዲዮ ቤት ይወስዱታል። ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ እሱ እግራቸው ላይ ስለሚቀመጥ አይከፍልም። ዘፈኑ ሲመጣ ያለቅሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ «አንተ ተምረሃል አይደል? ምን እያሉ ነው ሲዘፍኑ?» ብለው ጠየቁት። መልሱን ፍለጋ ነው እኔ ቢሮ የመጣው።

ቢመሽም ያለኝን ሰጠሁት። ስለ ባለቅኔዎቹ፣ ስለ ሁለቱ መስመር፣ ስለ ወቅትና ስለ ዱንያ ነገርኩት። ሞትን ሞት እንደሚሉት ስነግረው ዝም አለ። ነጠላውን ወደ ዓይኑ ወሰደ።

«ትለኝ ነበርኮ» አለኝ ቆይቶ። «'አሁን ሞት አለ፣ ሰማሁት' ትለኝ ነበር። እናቴ፣ ህንድኛ ነው እኮ፣ አንቺ የምታውቂው ቃል አይደለም እያልኩ እስቅባት ነበር።»

የተማርነው ሁለት ሰዎች ተሳስተን፣ በትክክል የሰሙት እሳቸው ነበሩ።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቶቹ የሉም። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቃና ቴሌቪዥን ከመጣ ጀምሮ፣ የውጭ ተዋናይ በአማርኛ እየተናገረ ቤታችን ድረስ ይገባል። ክፋት የለውም፤ ማንም ሰው «ምን አለ?» ብሎ አይቸገርም። ግን በነዚያ ሸራ በለበሱ ክፍሎች ውስጥ፣ ፈትል ሲፈትሉ የዋሉ ሴቶች በማያውቁት ቋንቋ ያላቸውን ቃል እየለቀሙ እንዴት እንዳለቀሱ የጻፈ የለም። አንድ ሊጽፍ የመጣ ነበር፤ እኔ መለስኩት። አሁን ቢጀምር የሚጠይቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ እያለቁ ነው። እትዬም የለችም።

ያን የጣና ዳር ወጣት አልፈርድበትም። የልጅቷን ወሬ ሳያስጨርስ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ወንድማማቾቹ በመጨረሻ ይተዋወቁ አይተዋወቁ ግን ሁለታችንም ሳንሰማ ቀረን።