ከፍትሐ ነገሥት እስከ በለስ ሸለቆ፦ የጋብቻ ሕግ በፓዌ

በ1977 ዓ.ም. በወሎና በሌሎችም ክፍለ ሀገሮች ርኃብ በበረታ ጊዜ፣ የደርግ መንግሥት ከየቀየው አንሥቶ ያን ጊዜ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ወደ ነበረው ወደ መተከል፣ ወደ በለስ ወንዝ ሸለቆ ያጋዘው ሕዝብ እጁ ባዶ ቢሆንም ፈጽሞ ባዶውን አልመጣም፤ የጋብቻ ሥርዐቱን፣ የውርስ ልማዱን፣ የሽምግልናና የዕርቅ ወጉን ተሸክሞ ነበርና። የወሎው ክርስቲያን ሰማንያውንና ቁርባኑን፣ እስላሙ ኒካሑን፣ የከምባታውና የሐዲያው ሰው የጎሣ ሽማግሌዎቹን ደንብ ይዞ፣ በስም ሳይሆን በቁጥር በሚጠሩት የፓዌ መንደሮች አጥር ለአጥር ተጎራበተ። ሳሊኒ የተባለው የኢጣሊያ ድርጅት በጣና በለስ ፕሮጀክት ደኑን ሲመነጥር ስለ ትራክተሩና ስለ ሄክታሩ ብዙ ተባለ፤ እኔን ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ከየአገሩ የተሰበሰበው ይህ ሕዝብ ሲጋባና ሲፋታ በማን ሕግ ይዳኝ የሚለው ነገር ነው።

ሸለቆውም ቢሆን ባለቤት አልባ አልነበረም፤ የጉሙዝ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። የጉሙዝ ጎልማሳ፣ በጥንቱ ሥርዐት፣ ሚስት ሲያገባ ለሚስቱ ወገን የሚመልሰው ገንዘብን ሳይሆን ሰውን ነው፤ እኅቱን፣ እኅት ባይኖረው ከጎሣው የምትገኝ ልጃገረድን በምትኩ ይሰጣል። ሁለቱ ጋብቻዎች በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች ናቸውና የአንዷ ትዳር ሲፈርስ የሌላይቱም ይናጋል፤ ምትክ ያጣ ወንድ ልጃገረድ ይዞ የኮበለለ እንደ ሆነም በጎሣና በጎሣ መካከል ቂም፣ አንዳንዴም ደም ይከተላል። ስለዚህ ሥርዐት በሰፊው የጻፉት እንግሊዛዊቷ የሥነ ሰብእ ሊቅ ዌንዲ ጄምስ በልውውጡ ውስጥ የጎሣዎችን እኩልነት አይተዋል፤ ሰጪም ተቀባይም ባለዕዳ አይሆንምና። እውነት ነው፤ ነገር ግን እኩልነቱ የጎሣዎቹ እንጂ የልጃገረዶቹ አይደለም።

የኢትዮጵያ መንግሥት በበኩሉ ጋብቻ በማን ሕግ ይዳኝ በሚለው ነገር ላይ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ መንገዶችን ሞክሯል። በግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዓረብኛ ተጽፎ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ለዘመናት የነገሥታቱ የፍርድ መጽሐፍ ሆኖ ሲኖር፣ ባላገሩ በየልማዱ ይተዳደር ነበር። ቅኝ በተገዙት አገሮች ይህ ዓይነቱ ልዩነት በገዢዎች እጅ ሥርዐት ሆኖ ተደነገገ፤ ዋረን ሄስቲንግስ በ1772 እ.ኤ.አ. በቤንጋል ሂንዱው በሂንዱ ሕግ፣ እስላሙም በቁርኣን ሕግ ስለ ጋብቻና ስለ ውርስ እንዲዳኝ ካዘዘ ወዲህ፣ ነጻይቱ ህንድ እስከ ዛሬ ከዚያ ክርክር አልወጣችም። ያልተገዛችው ኢትዮጵያ ግን ፈረንሳዊውን ሊቅ ሬኔ ዳቪድን አስመጥታ በ1952 ዓ.ም. አንድ የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጀች፤ ሕጉም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸመውን ጋብቻ ሁሉ ቢቀበልም፣ የጋብቻውን ውጤት ለሁሉም አንድ አደረገ፣ የቀደመውንም ልማድ በአንቀጽ 3347 ሻረ። ባልን የቤተሰቡ ራስ ማድረጉን ግን አልተወም። በወረቀት የተሻረው ልማድ በምድር ላይ እንዳልተሻረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የ1936ቱ አዋጅ ያቋቋማቸው የናኢባና የቃዲዎች ምክር ቤቶች፣ ማለት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች፣ እንኳ ሥራቸውን አላቋረጡም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በተቃራኒው መንገድ ሄደ። በአንቀጽ 34 የሃይማኖትና የባህል ጋብቻ ዕውቅና እንዲያገኝ፣ የቤተሰብ ክርክርም ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ከሰጡ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን ከጎጂ ልማድ የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥት ላይ ጣለ። ቀጥሎም የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ መታከት የተሟገተለት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጥቶ የሴቲቱን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፣ የባልን ራስነት አስቀረ፣ ፍቺንም ከቤተ ዘመድ ዳኞች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ስላላቸው ዛሬ መተከል የሚገኝበት ቤኒሻንጉል ጉሙዝም የራሱን አወጣ።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው በፈቃድ ላይ ነው። በ2000 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በአዲስ አበባ በተነሣ የውርስ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘትን አልፈቀድሁም ብላ ስትቃወም ያለ ፈቃድዋ የተፈረደባትን ሴት አቤቱታ ተቀብሎ፣ ፈቃድ የሌለበትን ዳኝነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ሲል ሽሮታል። ፍርዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም ያቺ ሴት አልፈቅድም ለማለት ችሎት ነበራት፣ ጠበቃ የሚገኝበት ከተማ ነበራት፣ እስከ ምክር ቤቱ የሚያደርስም መንገድ ነበራት። በአባቷና በወንድሞቿ ቃል በምትክነት የተሰጠች ልጃገረድ ግን ፈቃድዋን የምትጠየቅበት ጊዜ ከየት ይመጣል? ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ከሆነ መልሷ አስቀድሞ ተሰጥቶባታል።

የተሻሻለው ሕግ በልጃገረዲቱ ፈንታ ወላጆች ይፍቀዱላት አይልም፤ የራስዋን ነጻና ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል፣ የ1997ቱ የወንጀል ሕግም ጠለፋንና ያለ ዕድሜ ጋብቻን በእስራት ይቀጣል። ዳኛው በዚህ ላይ ተመርኩዞ የአንዲቱን ጋብቻ ቢያፈርስ ሥልጣኑን አልተላለፈም። ነገር ግን በልዋጩ የሄደችው ሌላይቱ፣ ምናልባት ልጆች ወልዳ ከባሏ ጋር ተስማምታ የምትኖረው፣ የወንድሞቿ ወገን «ልጃችንን መልሱ» ብሎ በመጣ ጊዜ የሚመልሳት ወይም የሚከላከልላት ማን እንደ ሆነ ከሕጉ አንቀጾች መካከል ተፈልጎ አይገኝም፤ ሕጉ የሚያውቀው በፊቱ የቆሙትን ባልና ሚስት ብቻ ነውና፣ ያ ወገን የሚሄደው ወደ ሽማግሌዎቹ ነው።