ፊደሉ ወይስ መኪናው? የነጻ ሶፍትዌር ታሪክ ከአንድ የእንጦጦ ማርያም ዕድር መዝገብ አንጻር

መግቢያ

እንጦጦ ማርያም ሲባል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚታሰበን ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። የታሪክ ተማሪም ወደዚያ ተራራ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የዘውዱንና የከተማውን አመሠራረት ለመመርመር ነው። እኔ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው በዚያው ተራራ ላይ ያጋጠመኝን ሌላ ጉዳይ ነው። ይኸውም ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ እንዲጻፍ በምን እንደ ረዳ፣ እኔም ራሴ እንዴት የዚህ ነገር ወዳጅ ለመሆን እንደ በቃሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የውጭ አገር ነገር ሲነሣ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን ግን ዓ.ም. ተብሎ ተመልክቷል።

1ኛ፤ የዕድሩ መዝገብ

በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ዘመዶቼ አባል የሆኑበት አንድ ዕድር አለ። ይህ ዕድር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የወር መዋጮውን መዝገብ በኮምፒዩተር ያስጽፍ ነበር። የወረቀቱን መዝገብ ጣራው አፍስሶ አንድ ክረምት አበላሸው። የቀረው በሲዲ የተቀመጠው ቅጂ ብቻ ሆነ። ሲዲው ግን ሲከፈት በስም ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ብቻ ይታይበት ነበር። የጽሕፈቱን ፕሮግራም የሸጠው ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ፕሮግራሙም ያለ ሻጩ ቁልፍ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አይሠራም ነበር።

ነገሩ የከበዳቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። በጕልማሳነታቸው ከእንጦጦ ደን እንጨት ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረዱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ብዙ ውዝፍ ነበረባቸው የሚል ወሬ በዕድርተኛው መካከል ተነሣ። ሴትዮዋም እኔ ኮምፒዩተር እንደምነካካ ሰምተው ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ ገንዘቡ ይቅር፤ የባሌ ስም በዕዳ እንዳይቀር ግን እዚያ ብርጭቆ መሳይ ነገር ውስጥ ያለውን አንብብልኝ» አሉኝ። ማንበብ አልቻልሁም። በአማርኛ የተጻፈ፣ አማርኛ ተናጋሪ የጻፈው፣ ስለ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚናገር ጽሑፍ በእጄ ይዤ ማንበብ አለመቻሌ እጅግ አሳፈረኝ። ይህ ለምን ሆነ? ወደሚለው ጥያቄ የመራኝ ይኸው ኀፍረት ነው።

2ኛ፤ ፊደሉ ለመኪናው ሲጎነበስ

ፊደላችን ወደ መኪና የገባው ዛሬ አይደለም። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ዘንድ ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። የማተሚያ እርሳስ ለእያንዳንዱ ፊደል እየተቀረጸ ስለሚሠራ የፊደሉ ብዛት ወጪ ጨመረ እንጂ ሥራውን አልከለከለም። ችግሩ የበረታው በጽሕፈት መኪና ጊዜ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ሰዎች የባዕዱን መኪና ለአማርኛ ለማስማማት ብዙ ደከሙ። ነገር ግን ለላቲን ፊደል የተሠራው ገበታ ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት ከነሰባት ዘራቸው፣ ማለት 231 ቅርጾችን፣ ሊሸከም አልቻለም። ስለዚህ ፊደሉ ከቁርጥራጭ ምልክት እየተቀጣጠለ ይጻፍ ጀመር። ፊደሉ ራሱ ይቀነስ ወይም ይሻሻል የሚል ክርክርም በምሁራን መካከል ተነሣ። መኪናው አልንቀሳቀስ ስላለ ፊደሉ እንዲጎነበስ ተጠየቀ ማለት ነው።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ይኸው ነገር ተደገመ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የነበሩት ፎንቶች እያንዳንዳቸው ከ256 የማይበልጥ የፊደል ቦታ ነበራቸው። የእኛ ፊደል ከነቍጥሩና ከነነጥቡ በዚያ ላይ አይበቃውም። ስለ ሆነም የአማርኛ ፕሮግራም የሠሩት ቤቶች አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹም እንደ ጽሕፈት መኪናው በቁርጥራጭ ቀጠሉት። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድልድል ስላወጣ በአንደኛው «ማ» የሆነው ቍጥር በሌላው «ቀ» ወይም ባዶ ምልክት ይሆናል። እነዚህን ቤቶች መውቀስ ብቻ ግን ፍርድ ማጕደል ነው፤ መሥሪያ ቤቶቻችንን በኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ ያስተማሩ እነርሱ ናቸው። ጉድለቱ ድልድሉ የጋራ አለመሆኑና የፕሮግራሙ ውስጥ መዘጋቱ ነበር። ሱቁ ሲዘጋ ጽሑፉም አብሮ ተዘጋ።

3ኛ፤ በደመራ ዕለት የወጣው ማስታወቂያ

አሁን ወደ ውጭ አገር እንሻገር፤ የዚህ መዝጊያ መክፈቻ የተፈለገው በዚያ ነውና። ሪቻርድ ስቶልማን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረ የፕሮግራም ጸሐፊ ነው። የመሥሪያ ቤታቸው አዲስ ማተሚያ ወረቀት እየያዘ ባስቸገራቸው ጊዜ ፕሮግራሙን ለማስተካከል ሶርስ ኮድ የሚባለውን፣ ማለት ሰው የሚያነበውን የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ፈለገ። በእጁ የነበረው ሰው ግን ለማንም እንዳይሰጥ ቃል ገብቶ ስለ ነበር ከለከለው። ስቶልማን ሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ሙሉ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሊጽፍ መነሣቱን አስታወቀ፤ ስሙንም ግኑ አለው። ያ ዕለት በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም. ነው፤ የደመራ ዕለት መሆኑ ነው።

ስቶልማን ነጻ የሚለው ሶፍትዌር አራት መብቶች ያሉት ነው። እነርሱም ለፈለጉት ሥራ መጠቀም፣ ውስጡን መርምሮ መለወጥ፣ ለሌላ ሰው ማካፈል፣ የለወጡትንም ማካፈል ናቸው። በእንግሊዝኛ ነጻነትንና ያለ ዋጋ መሰጠትን የሚገልጸው ቃል አንድ ስለ ሆነ ሁለቱ ይምታታሉ። በአማርኛ የሚለያቸው አንዲት «በ» ናት፤ በነጻ የተሰጠ ሁሉ ነጻ አይደለምና። ያ ሱቅ ፕሮግራሙን ለዕድሩ በነጻ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ እንኳ መዝገቡ ከመዘጋት አይድንም ነበር።

በ1989 የወጣው የግኑ ጠቅላላ ፈቃድ እነዚህን መብቶች በሕግ አሰረ። የፕሮግራሙን ቅጂ የሚያድል ሰው ለተቀባዩ ያንኑ መብት መስጠት ግዴታው ነው። ይህን ሳነብ የታሰበኝ በብራና መጻሕፍት መጨረሻ የሚጻፈው ውግዘት ነው፤ መጽሐፉን የሰረቀና የፋቀ የተወገዘ ይሁን የሚለው። ውግዘቱ አንባቢን አይከለክልም፤ መጽሐፉ ከጋራ ቤት ወጥቶ የአንድ ሰው እንዳይሆን ይጠብቃል። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ውግዘቱ የሚጠብቀው አንዱን መጽሐፍ ነው፤ የግኑ ፈቃድ ከእርሱ የሚገለበጡትን ሁሉ ይከተላል። በ1991 የፊንላንዱ ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የጀመረው ሊኑክስም በሚቀጥለው ዓመት በዚሁ ፈቃድ ሥር ስለ ገባ ሥርዓቱ ሙሉ ሆነ።

4ኛ፤ መኪናው ለፊደሉ ሲጎነበስ

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝ ፊደልን በላቲን ፊደል ያለ ስሕተት ለመጻፍና መልሶ ለመለወጥ የሚያስችል ደንብ አወጡ፤ ሰራ በሚል አኅጽሮት ይታወቃል። ደንቡን ለሁሉ ገልጠው ስላሰራጩት በጃፓን የሚሠራው ናኦቶ ታካሃሺ ግኑ ኢማክስ ለሚባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም የግዕዝ ክፍል ሲጽፍ ተጠቀመበት። ኢማክስ በ1997 በወጣው ሃያኛ እትሙ የእኛን ፊደል ያውቅ ነበር። በጀርመንም በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ብርሃኑ በየነና ጓደኞቹ ቴክ ለሚባለው የመጽሐፍ ማሰናጃ የግዕዝ ፊደል ሠሩ። እነዚህ ሰዎች የውጭውን ፕሮግራም ለማስተካከል ማንንም ደጅ መጥናት አላስፈለጋቸውም፤ ውስጡ ተከፍቶ ነበርና። በዚህ ጊዜ የተጎነበሰው መኪናው ነው።

በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ ድልድል በሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ቅርጾችን ተቀበለ። ዩኒኮድ ሕግ እንጂ ሶፍትዌር እንዳልሆነ፣ ከማኅበሩም አባላት ብዙዎቹ ትላልቅ ኩባንያዎች እንደ ሆኑ መናገር ይገባል። ስለዚህ ድሉን ለነጻ ሶፍትዌር ብቻ መስጠት የታሪክ ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ድልድሉ ተገልጦ ስለ ታተመ ማንም ሊሠራበት ቻለ። አቢሲኒካ የሚባለው ፎንትም ማንም እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ የፎንት ፈቃድ ወጣ።

5ኛ፤ መዝገቡ እንዴት ተነበበ

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የነበሩት ኮምፒዩተሮች ያረጁ ስለ ነበሩ የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። ያን ጊዜ የድህነት ምልክት መስሎኝ እፍር ነበር። ለዕድሩ መዝገብ የረዳኝ ግን ያው ትምህርት ነው።

ጸሐፊው ከመሳቢያ ውስጥ አንድ የታተመ ገጽ አገኙልኝ። እርሱን ከሲዲው ጋር እያስተያየሁ ምልክቶቹን መለየት ጀመርሁ። እያንዳንዱ መስመር በ«አቶ» ወይም በ«ወይዘሮ» መጀመሩ፣ «ገብረ»፣ «ወልደ»ና «ማርያም» መደጋገማቸው ሥራውን አቀለለልኝ። ያገኘሁትን ድልድል በሰንጠረዥ አድርጌ ፓይተን በሚባለው ነጻ የፕሮግራም ቋንቋ አጭር ፕሮግራም ጻፍሁ፤ ውጤቱንም በሊብረኦፊስ ከፈትሁት። ለጠቅላላው የፕሮግራም ወጪ አንድ ብር አላወጣሁም፤ ይሁን እንጂ ዋናው ነገር ብሩ አይደለም፤ ነገ የእኔ ኮምፒዩተር ቢሰበር ሌላ ተማሪ ሰንጠረዡን አንብቦ ሥራውን ሊቀጥል መቻሉ ነው።

በአንድ ስም ብቻ የሚገኙ ጥቂት ምልክቶች አልፈታ አሉኝ። እነዚህን ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀምጠው ስም በስም ሳነብላቸው ፈቱልኝ። «እሱ ዘለቀ አይደለም፤ ዘለላ ናት፤ የልጁ እናት» እያሉ ያርሙኝ ነበር። የፕሮግራሙን ጽሑፍ ባያውቁም የመዝገቡን ውስጥ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

የአሮጊቷ ባል መዋጮ እስከ ሰኔ ድረስ ተከፍሎ ተገኘ፤ ያልተከፈለው የሁለት ወር ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ያንኑ ቈጥረው ከፈሉና ደረሰኝ ጠየቁ። ደረሰኙንም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከተው፣ ፊደሉ ይጎንበስ ወይስ መኪናው የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ የወሰነው የፊደሉ ጠባይ ሳይሆን መኪናውን የመክፈት መብት በማን እጅ መሆኑ ነው። የነጻ ሶፍትዌር ወዳጅ የሆንሁትም ስለዚህ ነው። መብቱ ብቻውን ግን ሥራ አይሠራም፤ የሰዋስው ማረሚያውም ሆነ የቃላት መዝገቡ ገና ብዙ እጅ ይፈልጋል። ደግሞም በየዕድሩ፣ በየሰበካ ጉባኤውና በየቀበሌው መሳቢያ ውስጥ በአሮጌ ፎንት የተጻፉ ብዙ መዛግብት አሉ። ሲዲም ይበላሻል፤ የታተመውን ገጽ የያዙት ሽማግሌዎችም ያልፋሉ። ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያውቅ ቢኖር ሰንጠረዡን ወስዶ ይሞክርበት፤ የጐደለውንም ይጨምርበት። ስሕተት ያገኘበትም ሰው ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።