ቡጢው እና ጫማው

1985 ዓ.ም. ለኃይሌ ገብረሥላሴ በቡጢ ተጀምሮ በጫማ ያለቀ ዓመት ነው። መስከረም ላይ ሴኡል ውስጥ አንድ ኬንያዊ ሯጭ ከኋላው መታው፤ ዳኞች የመታውን ልጅ ከውድድሩ ሰረዙት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሽቱትጋርት ውስጥ ኃይሌ ራሱ የሌላ ኬንያዊ ተረከዝ ረገጠ። የሰውዬው ጫማ ወለቀ፤ ዳኞች ግን ውጤቱን አልነኩትም። ሁለቱንም ጊዜ ወርቁን ይዞ የተመለሰው የአሰላው ልጅ ነው።

የመጀመሪያውን ታሪክ እየሳቅን እናወራዋለን። ሁለተኛው ሲነሳ ግን «አዎ፣ ትንሽ ነክቶት ነበር» ብለን ቶሎ ወደ መጨረሻው መቶ ሜትር እንሮጣለን። እስቲ ለአንድ ደቂቃ አሰላ ሳይሆን ኤልዶሬት የተወለድን እንበል። የትኛውን ታሪክ ነበር ጮክ ብለን የምናወራው?

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይሉ ነበር። በቅሎ የምታህል ሀብት በዳኛ ፊት ተከራክሮ ያጣት ሰው፣ አንዲት ጭብጦ በጉልበት ከተነጠቀ ሰው ያነሰ ይናደዳል ማለት ነው። ስፖርት ውስጥም ሰውን ለዓመታት የሚያንገበግበው መሸነፉ ብቻ አይደለም፤ የተሸነፈበት መንገድ ነው። ለዚህም ከሴኡል የተሻለ ምስክር ከተማ የለም።

ሴኡል፣ አራት ዓመት ቀደም ብሎ

መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም. የሴኡል ኦሎምፒክ የቦክስ ፍጻሜ። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሎምፒክ አልነበረችም፤ ከሰሜን ኮሪያና ከኩባ ጋር ሆና ቀርታለች። በ71 ኪሎ ሪንግ ውስጥ የገቡት የ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ሮይ ጆንስ እና የአገሩ ልጅ ፓርክ ሲ ሁን ናቸው። ሦስቱም ዙር ሲያልቅ ጆንስ 86 ቡጢ፣ ፓርክ 32 ቡጢ እንዳሳረፉ ተቆጠረ። ከአምስቱ ዳኞች የሶቪየቱና የሃንጋሪው ለጆንስ ሰጡ። የኡራጓይ፣ የሞሮኮ እና የኡጋንዳ ዳኞች ለፓርክ ሰጡ። ሦስት ለሁለት። የፓርክ እጅ ወደ ላይ ሲነሳ ፓርክ ራሱ ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። ለፓርክ የፈረዱት ዳኞች ታገዱ። የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ተብሎ የተሸለመው ተሸናፊው ጆንስ ሆነ። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ መርምሮ በ1997 እ.ኤ.አ. ጉቦ ስለመሰጠቱ ማስረጃ አላገኘሁም አለ፤ ወርቁም ፓርክ ጋር ቀረ። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ፣ ባርሴሎና ላይ፣ ቦክስ በኮምፒውተር መዳኘት ጀመረ። ከአምስት ዳኞች ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልተጫኑ ነጥብ የለም።

እኛ የሩጫ አገር ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ መኩራራት ይቃጣናል። «ቦክስ እኮ የሰው አስተያየት ነው፤ ሩጫ ሰዓት ነው፤ ሰዓት አያዳላም» እንላለን። እውነትም አለው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞት ገባ፤ 27:18.20 ለ27:18.29። ያንን ውጤት የተከራከረ ሰው የለም። ካሜራው ተናገረ፣ አለቀ።

ግን ሰዓት የሚዳኘው ማን ቀድሞ እንደገባ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደገባ አይጠይቅም። እጅ ወይም እግር ሌላ ሰው ላይ ባረፈ ጊዜ ሩጫም ቦክስ ይሆናል። ያኔ የሚፈርደው ሰዓት ሳይሆን ሰው ነው፤ የሰው ፍርድ ደግሞ ያከራክራል።

ባርሴሎና፦ ወርቅ በአንድ ቀን ሁለት እጅ

ሐምሌ 27 ቀን 1984 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር ፍጻሜ። ከፊት ሁለት ሰዎች ቀርተዋል፤ የሞሮኮው ካሊድ ስካህ እና የኬንያው ሪቻርድ ቼሊሞ። መጨረሻው ሲቃረብ ሌላ ሞሮኳዊ፣ ሃሙ ቡታይብ፣ ተደረበ። መደረብ ነውር አይደለም። ቡታይብ ግን መንገድ ለቆ ከመቅረት ይልቅ ከመሪዎቹ ጋር ተያይዞ መሮጥ ጀመረ፤ ቼሊሞ ፊት እየገባ ረበሸው። አንድ የውድድሩ ኃላፊ መም ውስጥ ገብቶ በእጁ ሊይዘው እስከመሞከር ደረሰ። ስታዲየሙ በፉጨት ተናወጠ።

ስካህ በ27:46.70 ቀድሞ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ከአገሩ ልጅ እርዳታ አግኝቷል ተብሎ ተሰረዘና ወርቁ የቼሊሞ ሆነ። ሞሮኮ ይግባኝ አለች። በማግስቱ የይግባኝ ሰሚዎቹ ጁሪ ፍርዱን ገልብጦ ወርቁን ለስካህ መለሰ።

ይህ ፍርድ እኛንም ነክቶናል። ሦስተኛ የገባው አዲስ አበበ ነበር፤ 28:00.07። ስካህ ተሰርዞ ቢቀር አዲስ ብር ይወስድ ነበር። ከ12 ዓመት በኋላ ወደ ኦሎምፒክ ለተመለሰች አገር የነሐስና የብር ልዩነት ቀላል አልነበረም። ይሁን እንጂ ነሐሴ 1 ቀን የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በዚያው ርቀት ወርቅ አመጣችና የወንዶቹ ክርክር በእኛ ዘንድ ተረሳ። ኬንያ ውስጥ ግን የሚረሳ አልነበረም። የሚቀጥለውን ዓመት ስናይ ይህን እናስታውስ፤ ኬንያውያን ወደ 1985 የገቡት አንድ ወርቅ በዳኛ ተሰጥቷቸው፣ በዳኛ ተወስዶባቸው ነው።

መስከረም፦ ቡጢው

ባርሴሎና ካለቀ ሁለት ወር ሳይሞላ የዓለም ወጣቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሴኡል ላይ ተካሄደ። ስታዲየሙ ሮይ ጆንስ ከተሸነፈበት አዳራሽ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነው። ኃይሌ ያኔ ገና 19 ዓመቱ ነው። ከጭላሎ ተራራ ሥር ካለ የገበሬ ቤት የወጣ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ አሥር ኪሎ ሜትር የሚሮጥ፣ ደብተር ያቀፈበት ግራ እጁ ሲሮጥ እንደታጠፈ የቀረ ልጅ።

በ10,000 ሜትሩ ጆሴፋት ማቹካ መራ፤ ኃይሌ ከኋላው ተጣብቆ ቆየ። እንዲህ ያለ ሩጫ የሚመራውን ያበግናል። ነፋሱን የምትበላው አንተ፣ አድፍጦ የሚጠብቅህ እሱ። በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ኃይሌ ወጥቶ ሲያልፈው ማቹካ ከኋላ በቡጢ መታው። ኃይሌ ሩጫውን አላቆመም፤ አሸነፈ። ማቹካ ተሰረዘ።

ይህ ቀላል ፍርድ ነው። ሐሳቡም ድርጊቱም በአንድ ሰው እጅ ላይ ይታያል። አምስት ዳኛ አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተርም አያስፈልገውም።

ነሐሴ፦ ጫማው

ሽቱትጋርት፣ የዓለም ሻምፒዮና። ሞሰስ ታኑይ የርቀቱ ሻምፒዮን ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ወርቁን ወስዷል። በዚያው የሽቱትጋርት ዓመት ደግሞ ግማሽ ማራቶንን ከአንድ ሰዓት በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ለእያንዳንዱ የዓለም ሻምፒዮን የተዘጋጀው ሽልማት አንድ መርሴዲስ መኪና ነው። ለሁለተኛ መኪና የለም።

ታኑይ ይመራል፤ ኃይሌ ተረከዙ ላይ ነው። የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሲል የኃይሌ እግር የታኑይን ተረከዝ ረገጠ። ጫማው ወለቀ። ታኑይ በአንድ ጫማ ተፈተለከ፤ ወደ አሥር ሜትር ያህል ልዩነትም ፈጠረ። ኃይሌ ቀስ በቀስ እያሳደደ በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ያዘው፣ አለፈው። 27:46.02 ለ27:46.54። ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ነው። ሦስተኛ የገባው የባርሴሎናው ቼሊሞ ነበር፤ ሃያ ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ።

አሁን እንከራከር።

ለኃይሌ የሚሟገት ሰው እንዲህ ይላል፦ ሆን ብሎ አላደረገውም። ተጠግቶ መሮጥ የሩጫው ባሕርይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ግፊያ መነካካት ያለ ነው። ደግሞስ ታኑይ ጫማው ከወለቀ በኋላ አይደል እንዴ የራቀው? የተጎዳ ሰው አሥር ሜትር ይቀድማል? አንዳንዱ ቀልደኛ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን አሸንፏል፤ ጫማ ምን ያደርጋል» ብሎ ይጨምርበታል።

ለታኑይ የሚሟገት ደግሞ ይህን ይመልሳል፦ ከፊት ያለው ሰው ከኋላው ዓይን የለውም። ርቀት የመጠበቅ ኃላፊነት የሚያየው ሰው ነው። ያ ሩጫ ብርታት ሳይሆን ድንጋጤ ነው፤ ጫማው ባይወልቅ ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ያንን ሁሉ ጉልበት አያወጣም ነበር፣ ለመጨረሻው መቶ ሜትር ያስቀምጠው ነበር። የአበበ ነገርም አይገናኝም። አበበ ሁለቱም እግሩ ባዶ ነበር፣ ለምዶታልም። አንድ እግር በስፓይክ፣ አንድ እግር በካልሲ መሮጥ ሌላ ነገር ነው። በግማሽ ሰከንድ ለተሸነፈ ሰው ጫማው ስንት ሰከንድ ነው?

የአትሌቲክሱ ደንብ ተፎካካሪውን የገፋ ወይም ያደናቀፈ ሯጭ ሊሰረዝ ይችላል ይላል። «ሊሰረዝ ይችላል» እንጂ «ይሰረዛል» አይልም። ቀሪው ለዳኛው ሚዛን የተተወ ነው። የሽቱትጋርት ዳኞች ውጤቱን እንዳለ ተዉት።

እኔ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ግን ኃይሌ የኛ ስለሆነ አይደለም። መለኪያው ቀላል ነው፦ ማልያውን እንቀይር። ታኑይ የኃይሌን ተረከዝ ሳያስበው ረግጦ ቢያሸንፍ፣ ታኑይ ይሰረዝ ብዬ በቅን ልቦና መሟገት እችላለሁ? ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው፣ አልችልም። መሰረዝ የማቹካ ቅጣት ነው፤ የቡጢ ቅጣት። ላላሰበው ሰው ያንኑ ቅጣት መስጠት ቡጢንና መደናቀፍን እኩል ማድረግ ነው።

ነገር ግን ያው መለኪያ ሌላም ነገር ያስገድደናል። ኃይሌ ጫማው ወልቆ በግማሽ ሰከንድ ቢሸነፍ ኖሮ እስከ ዛሬ «የተነጠቅነው ወርቅ» እያልን እናነሳው ነበር። ልጆቻችን የታኑይን ስም እንደ ቀማኛ ስም ይማሩት ነበር። ታዲያ ለኛ ሲሆን «የሩጫ ባሕርይ»፣ በኛ ላይ ሲሆን «ዝርፊያ» የሚባል ፍርድ የለም።

አርሲ ምን ይላል

የስፖርት ዳኛ በእጁ ያለው ሁለት ቃል ነው፦ ተሰርዟል ወይም ጸድቋል። ጥፋተኛ ካልተገኘ ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ኃይሌ ባደገበት አገር ግን የቆየው የፍርድ ወግ ከዚህ ይሰፋል። በአርሲ ኦሮሞ የጉማ ሥርዓት ሽማግሌዎች ሆን ተብሎ የተፈጸመውን ሳይታሰብ ከደረሰው ይለያሉ፤ ሸክሙም ይለያያል። ሳይታሰብ የደረሰውን ግን «ምንም አልሆነም» ብለው አይሸኙትም። ካሳ አለው፣ እርቅ አለው። ያላሰበው ሰው ወንጀለኛ ሳይባል፣ የተጎዳውም ሰው ጉዳቱ ሳይካድ ሁለቱ ወገኖች ተመልሰው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ።

በእርግጥ ጉማ የነፍስና የደም ጉዳይ ነው፤ ለወለቀ ጫማ ከብት ይነዳ የሚል የለም። ሐሳቡ ግን ይሠራል። አጥፊ ባይኖርም ተጎጂ ሊኖር ይችላል። ሽቱትጋርት ላይ የጎደለውም ይኸው ነው። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ታኑይም ተጎድቶ ነበር። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

የስፖርቱ ዓለም ይህን ማድረግ አይችልም እንዳንል፣ ያው የሴኡል ታሪክ መጨረሻ አለው። በ2023 እ.ኤ.አ. ፓርክ ሲ ሁን ውቅያኖስ ተሻግሮ ፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ፣ ሮይ ጆንስ ቤት ሄደ። የ1988ቱን ወርቅ ከኪሱ አውጥቶ «ያንተ ነው» ብሎ ሰጠው። ያዘዘው ኮሚቴ አልነበረም፣ መዝገብም አልተቀየረም። ኦሎምፒኩ ዛሬም ድረስ ፓርክ አሸነፈ ይላል። 35 ዓመት ያንገበገበውን ነገር ግን ዳኞቹ ሊፈቱት ያልቻሉትን ሁለቱ ሰዎች ፈቱት። ፓርክ ያንን ፍርድ አልፈረደም፤ ሸክሙን ግን ተሸከመ።

ኃይሌ ሜዳልያ ይመልስ እያልኩ አይደለም። የሱ ወርቅ እንደ ፓርክ ወርቅ አይደለም፤ ሮጦ ነው ያመጣው። ከዚያ በኋላ ሦስት የዓለም ሻምፒዮናዎችን በተከታታይ፣ ሁለት ኦሎምፒኮችን በዚያው ርቀት ማንም ሰው ጫማ ሳይወልቅበት አሸንፏል። ታኑይም አልወደቀም፤ ወደ ማራቶን ዞሮ በ1996 እና በ1998 እ.ኤ.አ. ቦስተንን አሸነፈ።

ከእኛ ከተመልካቾቹ የሚጠበቀው ካሳ ርካሽ ነው፤ ታሪኩን ሙሉውን ማውራት ብቻ። ለታናናሾቻችን የ1985ን ታሪክ ስንነግር የመስከረሙን ቡጢ ነግረን አናቁም። ነሐሴም አለ። አንድ የዓለም ሻምፒዮን በአንድ ጫማ አንድ ሙሉ ዙር ሮጦ በግማሽ ሰከንድ ተሸንፏል፤ ስሙም ሞሰስ ታኑይ ይባላል።