ላገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ፦ ስደተኛ ነጋዴ መነሻ ገንዘቡን ከየት አመጣ?



ከቀዬው ወጥቶ በሰው አገር ንግድ የጀመረ ሰው መነሻ ገንዘብ ከየት ያገኝ እንደነበር በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። ነገሩ ለእኛም ቅርብ ነው። ከአረብ አገር የተመለሱ እህቶች፣ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡም ጭምር፣ ጉሊት ወይም ሻይ ቤት መክፈት ይፈልጋሉ። ሙያው አላቸው፣ ጉልበቱም አላቸው። ብድር ሲጠይቁ ግን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ዋስሽ ማነው?» የሚል ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አስተዳደሩ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር። በዋናነት ያገለገለውም መንግሥትን፣ የውጭ አገር ነጋዴዎችንና ባለሀብት መኳንንትን ነው። ትንሹ ነጋዴ ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት።

የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የየመን አረቦች በብዛት መጥተው በየከተማው ትንንሽ ሱቅ ከፈቱ። «አረብ ቤት» የሚለው የሱቅ መጠሪያ የእነሱ ትዝታ ነው። አብዛኞቹ ገንዘብ ይዘው አልመጡም። ቀድሞ የመጣ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ዕቃ በዱቤ ይሰጣቸዋል፤ ሸጠው ይከፍላሉ፤ መልሰው ይወስዳሉ። ማስያዣቸው ስማቸው ነበር። ዱቤውን የካደ ሰው ከወገኑ ሁሉ ይቆረጣል፤ በባዕድ አገር ደግሞ ከዚያ የከፋ ቅጣት የለም።

በገዛ አገራቸው ውስጥ የተሰደዱም ነበሩ። ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች በቀን ሥራ፣ በጫማ ጠረጋና በሱቅ በደረቴ ጀመሩ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረ። ከነጻነት በኋላ እነዚህ ወጣቶች እየቆዩ የሱቅ ባለቤት ሆኑ። ቀድሞ የመጣው አዲስ መጤውን አስጠግቶ ያሠራዋል፣ ንግድ ያስተምረዋል፤ በኋላም ለብቻው እንዲቆም ይረዳዋል። ከዚህ ጋር ትልቁ ጉልበት ዕቁብ ነበር።

ዕቁብን በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን እንየው። ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ 250 ብር ቢጥሉ የአንድ ጊዜ ዕጣ 5,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሳት ሴት ከኪሷ ያወጣችው 250 ብር ብቻ ስለሆነ፣ 4,750 ብር ያለ ወለድ ተበደረች ማለት ነው። መጨረሻ የደረሳት ደግሞ እስከዚያው 4,750 ብር ቆጥባለች። አንዱ ገንዘብ ለአንዷ ብድር፣ ለሌላዋ ቁጠባ ይሆናል። ዳኛውና ጸሐፊው የሚፈሩት ዕጣዋን ወስዳ የምትጠፋዋን ነው፤ ዕጣ ሲወጣ ዋስ የሚጠየቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ዕቁብ ዋስትናን አላስቀረም። ዋስትናን ከመሬትና ከቤት አውጥቶ በሰዎች መተዋወቅ ላይ አስቀመጠው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ወገኖቻችንም እዚያው ችግር ላይ ወደቁ። በዚያ አገር ባንክ የሚያየው ሰው ቀድሞ ተበድሮ እንዴት እንደከፈለ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። አዲስ የመጣ ሰው መዝገብ የለውም፤ የተማረበት ወረቀትም ብዙ ጊዜ አይቆጠርለትም። በዋሽንግተንና በአካባቢው ብዙዎች ታክሲ እየነዱና መኪና ማቆሚያ እየጠበቁ ቆጠቡ፣ ዕቁብ ጣሉ፣ ምግብ ቤት ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማህበረሰብ ልማት ምክር ቤትም በኋላ ለስደተኛ ነጋዴዎች አነስተኛ ብድር የሚሰጥ ክፍል ከፈተ። ብድሩም ለኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበረም።

ወደ ክልላችን ስንመለስ፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ብዙ ሴቶችን ያገለገለው በቡድን ዋስትና ነው። ጎረቤታሞች ተመራርጠው አንዷ ለሌላዋ ትዋሳለች። መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ቡድን የሚመሠርቱት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዓመታት ርቀው የቆዩ ነበሩ። የላኩት ገንዘብ ለቤተሰብ ወጪ አልቋል፤ የተሠራ ቤት ካለም ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ስም ነው። እንዲህ ያለች እህት በተወለደችበት ከተማ እንግዳ ትሆናለች።

ታሪኩ የሚያሳየን አንድ ነገር ነው። ስደተኛ ነጋዴ ተሳክቶለት ባየን ቁጥር፣ ከኋላው ቀድሞ የደረሰና «እኔ አለሁለት» ያለ ሰው አለ። እንዲህ የሚል ያላገኘው ስሙም አልተጻፈም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤያችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለአዲስ መጤ ሁለት ነባር አባላት ከተዋሱላት በቁጠባችን ውስጥ በትንሽ መዋጮ ትጀምር፤ የመጀመሪያ ብድሯም ትንሽ ይሁን፣ ስትከፍል ከፍ ይበል። ሁለተኛ፣ የከፈለችው ሁሉ በየቀኑ በደብተር ይስፈርላት፤ ነገ ባንክ ስትሄድ የምታሳየው ማስረጃ እንዲኖራት። ሦስተኛ፣ በተንቀሳቃሽ ንብረት የመያዣ መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትም፣ የልብስ ስፌት መኪናም ማስያዣ መሆን እንደሚችሉ ለአባላት እናስረዳ፤ ቤትና መሬት የሌላት ሴት መብቷን አውቃ ትጠይቅ።

ደጋፊዎቻችንንም የምለምነው ለዚሁ ነው። ለአዲስ መጤዎች ብድር የሚውል ትንሽ የመጠባበቂያ ገንዘብ ቢኖረን፣ አንዷ መክፈል ቢያቅታት የተዋሱላት ሁለቱ ሴቶች ከልጆቻቸው ጉሮሮ አውጥተው እንዲከፍሉ አንገደድም። ያን ጊዜ ለማታውቋት እህት መዋስ የሚፈሩ ይቀንሳሉ።