የዳቦውን ማነስ ሳይቀር የጻፉት ሸይኽ



ታሪክ ሲነሳ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዓመትና የሟች ብዛት ነው። ለመሆኑ በዚያው ዓመት ስንዴ በስንት ይሸጥ ነበር? ዳቦ ጋጋሪው ሚዛን ይሰርቅ ነበርን? ሰዉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ስለ ገዢው ምን ይል ነበር? ይህን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁን? እንዲህ ያለውን ነገር ከቁም ነገር ቆጥሮ የሚጽፍ ሰው በየዘመኑ ጥቂት ነው። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ የዘር ሐረጋቸው ከእኛው አገር የሚመዘዝ ዓሊም መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን አላወቅንም።

እኚህ ሰው ሸይኽ ዐብዱረሕማን ኢብን ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው (አላህ ይዘንላቸው)። የተወለዱት በካይሮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1753 ነው። «ጀበርቲ» የሚለው መጠሪያ በዘይላዕና በኢፋት አካባቢ ከነበረው የጀበርት ምድር የመጣ ነው፤ በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል ያለው ሙስሊም እስከ ዛሬ ጀበርቲ እየተባለ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቃል። ሰባተኛው አያታቸው ከዚያ ምድር ተነስተው በ10ኛው ምዕተ ዓመተ ሂጅራ መጀመሪያ ላይ ካይሮ ገቡ። በአል-አዝሀር መስጊድ ውስጥ ከሐበሻ ምድር ለዒልም የሚሄዱ ደረሶች የሚያድሩበትና የሚማሩበት «ሪዋቀል-ጀበርት» የሚባል ክፍል ነበር። አያትየው የዚህ ክፍል ሸይኽ ሆኑ፤ ኃላፊነቱም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በዚያው ቤተሰብ እጅ ቆየ። አንድ የሐበሻ ደረሳ በረሃና ባሕር አቋርጦ ካይሮ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያንኳኳው በር የእነዚህ ሰዎች በር ነበር ማለት ነው።

አባታቸው ሸይኽ ሐሰን በፊቅህ ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። በሒሳብ፣ በከዋክብት ጥናትና በሚዛን ሥራ የተመሰከረላቸው ሊቅ ነበሩ፤ አውሮፓውያን ሳይቀሩ እሳቸው ዘንድ መጥተው ጂኦሜትሪ ተምረው እንደሄዱ ልጃቸው ጽፈዋል። ሸይኽ ሐሰን ከአርባ በላይ ልጆች ወልደው ለአቅመ አዳም የደረሱላቸው ዐብዱረሕማን ብቻ ነበሩ። ወደ ታሪክ ሥራ የገፋፏቸው ደግሞ ታላቁ የቋንቋና የሐዲሥ ሊቅ ሙርተዷ አዝ-ዘቢዲ ናቸው። የዘመኑን ዓሊሞች የሕይወት ታሪክ እንዲሰበስቡ አዘዟቸው፤ ሥራው ሳያልቅ ግን እ.ኤ.አ. በ1791 በወረርሽኝ ሞቱ። ተማሪው ወረቀቶቹን አልጣሉም። ከዚያ የተነሳው ሥራ አድጎ አድጎ «ዐጃኢቡል-አሣር» የተባለውን ባለ አራት ጥራዝ የታሪክ መጽሐፍ ሆነ።

መጽሐፉ የተዘጋጀው በዓመትና በወር ነው። በዚህ ወር የዓባይ ውኃ ይህን ያህል ሞላ፣ እህል ተወደደ፣ እገሌ የሚባል በይ እገሌን ገደለ፣ እገሌ የሚባል ዓሊም ወደ አኼራ ሄደ እያሉ ይጽፋሉ። መድረሳ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የአስተማሪዎቻችንን ጥያቄ እሳቸውም በዜና ላይ ተጠቅመውበታል፦ «ከማን ሰማኸው?» አንድ ወሬ በብዙ ሰው አንደበት ተረጋግጦ እስኪታወቅ ድረስ በመዝገባቸው አያሰፍሩትም ነበር። ይህን አሠራራቸውን ራሳቸው ገልጸውታል፤ ማጣራቱ ሲዘገይ ሌላ ነገር ይደርስና የመጀመሪያው እንዳይረሳ በብጣሽ ወረቀት ይይዙት ነበር። ሐዲሥ ሲቀሩ የለመዱትን ጥንቃቄ ወደ ገበያ ወሬ ማምጣታቸው ነው እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ።

እ.ኤ.አ. በ1798 በሐምሌ ወር ናፖሊዮን ቦናፓርት ሠራዊቱን ይዞ ግብፅ ገባ። ያኔ ሸይኹ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ የተከበሩና ባለ ርስት ሰው ነበሩ። ፈረንሳዮቹ በቢስሚላህ የሚጀምር የዓረብኛ አዋጅ አስነገሩ፤ እኛ የእስልምና ወዳጆች ነን፣ የመጣነው ከመምሉኮች ግፍ ልናድናችሁ ነው አሉ። ሕዝቡ ግማሹ ሲደነግጥ ግማሹ ሲያጉረመርም ሸይኹ ብዕራቸውን አንስተው አዋጁን ቃል በቃል መረመሩት። ይህ ቃል በሰዋስው ስህተት ነው፣ ይህ አረፍተ ነገር አልተያያዘም፣ ይህኛው ደግሞ ውሸት ነው እያሉ እንደ ደረሳ ጽሑፍ አረሙት። ቢስሚላህ ማለታቸው ሙስሊሙን ለመምሰል፣ ሌላው ነገራቸው ክርስቲያኑን ለመምሰል መሆኑን፣ በመጨረሻም ከማንም ጋር አለመሆናቸውን አሳዩ። ከተማው በጠላት እጅ ወድቆ የጠላትን ዓረብኛ ማረም አንዳንዱን ሰው ያስቀው ይሆናል። እኔ ግን መድፍ የሌለው ሰው በእጁ በቀረው መሣሪያ መዋጋቱን ነው የማይበት።

ይህ ማለት ግን ከፈረንሳዮቹ ያዩትን ሁሉ አጣጣሉ ማለት አይደለም። በየቤቱ ደጃፍ ማታ ፋኖስ እንዲሰቀል፣ መንገድ እንዲጠረግ፣ ለወረርሽኝ መከላከያ ልብስና አልጋ ልብስ ፀሐይ ላይ እንዲሰጣ መታዘዙን ጽፈዋል። ቤተ መጻሕፍታቸውን ገብተው አይተዋል። ሊያነብ የመጣን ሙስሊም በደስታ እንደሚቀበሉ፣ ተራ ወታደር ሳይቀር ተቀምጦ እንደሚያነብ ተገርመው መዝግበዋል። ለግንባታ ሥራ ሠራተኛን በግዴታ እንደማያሠሩ፣ ደመወዝ ከፍለው እንደሚያሰናብቱት፣ አፈርም በሰው ትከሻ ሳይሆን ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ እየተገፋ እንደሚጓጓዝ ገልጸዋል። የጋሪውን አሠራር እንዴት አድርገው እንዳብራሩት ያየ፣ እሳቸውም አንድ ቀን ገፍተውት ይሆን ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም!

በሌላ በኩል በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ፈረንሳዮቹ ሰው ተቀምጦበት ወደ ሩቅ አገር የሚበር ነገር እናሳያችኋለን ብለው ሕዝቡን ሰበሰቡ። ፊኛው ጥቂት ከፍ ብሎ ወደቀ። ሸይኹም ይህ በሠርግና በበዓል ቀን ሠራተኞች ከሚያበሩት የወረቀት መጫወቻ አይበልጥም ብለው አላገጡበት። ያዩትን ጥሩ ነገር ጥሩ ካሉ በኋላ የከሸፈውን ከሸፈ ለማለት የሚያግዳቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ዳቦው እንምጣ። የፈረንሳይ ወታደሮች ከገበያ ሲገዙ ዋጋ ሳይከራከሩ ይከፍሉ ነበር። ታዲያ የእኛው ነጋዴዎች ምን አደረጉ? ዋጋ ጨመሩ፤ ጋጋሪዎቹም የዳቦውን መጠን አሳነሱ፣ ስንዴውን ሳያበጥሩ ከነአፈሩ አስፈጩት። ሸይኹ ይህን አልሸሸጉም። ወራሪ በመጣበት ሰዓት የወገንን ነውር መጻፍ ቀላል አይደለም፤ «ለጠላት መሣሪያ ሰጠህ» የሚል ሰው ሞልቷልና። ነገር ግን የዳቦው ማነስ የራበውን ድሃ የሚነካ እንጂ ናፖሊዮንን የሚነካ አልነበረም።

ከሁሉም በላይ ብዕራቸው የተፈተነው በሁለት ክስተቶች ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1800 በሰኔ ወር ሱለይማን አል-ሐለቢ የሚባል ወጣት የፈረንሳዮቹን ጄኔራል ክሌበርን በጩቤ ወግቶ ገደለ። ፈረንሳዮቹ ምርመራና ችሎት አካሄዱ፤ የችሎቱንም ቃል አትመው አወጡ። ቅጣቱ ግን እጅግ ጨካኝ ነበር፤ ወጣቱ በእንጨት ተሰክቶ ሲሞት ሦስት የአዝሀር ሸይኾችም አንገታቸው ተቀላ። ሸይኽ ዐብዱረሕማን የችሎቱን ሰነድ፣ ዓረብኛው የተበላሸ ቢሆንም፣ ሙሉውን በመጽሐፋቸው አስገቡ። ምክንያታቸውንም ተናገሩ። ሃይማኖት የላቸውም የምንላቸው ሰዎች ገዳዩን እጅ ከፍንጅ ይዘውት ሳለ ጠይቀውና መርምረው ነው የፈረዱት፤ ሙጃሂድ ነን የሚሉት የኋለኞቹ ወታደሮች ግን ሰውን ያለ ጥያቄ ሲገድሉ አይተናል ነው የሚሉት። ይህን የጻፈ ሰው በየትኛውም ወገን ወዳጅ አያበዛም።

ሁለተኛው ፈረንሳዮቹ እ.ኤ.አ. በ1801 ከወጡ በኋላ የሆነው ነው። የሸይኽ አል-በክሪ ልጅ ዘይነብ ከፈረንሳዮቹ ጋር ተቀራርባለች ተብላ ተያዘች። ወላጅ አባቷ ሲጠየቅ ከእሷ የጠራሁ ነኝ አለ፤ አንገቷንም ሰበሯት። ሸይኹ ይህን በጥቂት ቃላት አስፍረው አልፈውታል። አባትየው በከተማው የታወቀ የትልቅ ቤተሰብ ሰው ነበር፤ ለክብሩ ሲባል ታሪኩን መዝለል ይቻል ነበር። አልዘለሉትም።

ውድ አንባቢ፣ እኚህ ዓሊም እንከን የለሽ ነበሩ እያልኩ አይደለም። በዚያው በ1801 ኦቶማኖች ካይሮን ሲረከቡ ሸይኹ «መዝሀሩት-ተቅዲስ» የሚል መጽሐፍ ጽፈው ለኦቶማኑ ታላቅ ቪዚር አበረከቱ፤ በውስጡም ፈረንሳዮቹን አጥብቀው አውግዘው ኦቶማኖቹን አሞገሱ። ጥቂት ዓመታት አልፈው ያንኑ ዘመን በትልቁ መጽሐፋቸው እንደገና ሲጽፉት ሙገሳውን አወጡት፤ የኦቶማን ወታደሮችንም ዝርፊያ እንዳዩት ጻፉ። እንደዚሁም ስለ ተራው ሕዝብና ስለ ግብፅና ሶርያ ክርስቲያኖች ሲጽፉ ቃላቸው ብዙ ጊዜ ይከርራል፤ የጥቂቱን ጥፋት በሁሉም ላይ ሲጭኑ ይታያሉ። ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ቡና ተጠራርቶ የሚኖር የአገራችን አንባቢ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ሊያነበው ይገባል ባይ ነኝ።

ሙሐመድ ዐሊ ፓሻ እ.ኤ.አ. በ1805 ሥልጣን ሲይዝ ለሸይኹ አዲስ ፈተና መጣ። ፓሻው ብርቱ ሰው ነበር። መምሉኮችን በ1811 በግቢው ግብዣ ጠርቶ አስፈጃቸው፤ የሰዉን ርስት ወሰደ፤ እህሉንና ሽመናውን ሁሉ በመንግሥት እጅ አደረገ። ሸይኹ ጉብዝናውን አልካዱም፤ ከዚህ ሁሉ ብርታቱ ጋር ጥቂት ፍትሕ ቢጨመርበት ኖሮ የዘመኑ ብርቅ በሆነ ነበር ብለው ጻፉ። የገዛ ባልደረቦቻቸውን ዓሊሞችንም አልማሩም። በ1809 ለሕዝቡ የተከራከሩት ዑመር መክረም ወደ ዲምያጥ ሲጋዙ ሸይኾቹ በእሳቸው ላይ የክስ ወረቀት ፈረሙ። የፊርማውን ወረቀት፣ ከጀርባው የነበረውን የጥቅም ሽኩቻ፣ አልፈርምም ያሉት የሐነፊዎቹ ሙፍቲ ከቦታቸው መነሳታቸውን ጭምር መዝግበውታል። ዓሊም የዓሊምን ነውር መሸፈን አለበት የሚሉ ይኖራሉ፤ ይህ በግል ኃጢአት ላይ እውነት ነው። የሕዝብ ሐቅ በተሸጠበት ጉዳይ ላይ ግን እኔ ከሸይኽ ዐብዱረሕማን ጋር ነኝ።

ወደ እኛ ዘመን ስመለስ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መስጊዶቻችን ተዘግተው የረመዳንን ተራዊሕ በየቤታችን ሰገድን። እናቶች ከልጆቻቸው ኋላ ሶፍ ይዘው የቆሙበት፣ ቁርኣን ተምሮ የረሳው አባወራ ድንገት ኢማም የሆነበት ረመዳን ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በየሱቁ የነበረውን ክርክር ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ሰሞን ስልክ ያለው ሁሉ አስተያየቱን ተናግሯል፤ አስተያየት አልጎደለንም። ነገር ግን በየወረዳው፣ ቀኑን ጠቅሶ፣ ዋጋውን ጽፎ፣ ሰምቶ ሳይሆን አጣርቶ፣ የወገኑንም የሌላውንም ነገር በአንድ ሚዛን መዝኖ በደብተር ያኖረልን ማነው? ተማሪዎቼን ይህን ስጠይቃቸው «ስልክ ላይ አለ» ይሉኛል። ስልኩ ሲሰበር ወይም ሲቀየር ስንት ነገር አብሮት እንደሚሄድ ግን ሁላችንም አይተናል። የጀበርቲ ዘር ካይሮ ሄዶ የሌላውን አገር የዳቦ ዋጋ ሲጽፍ፣ እዚህ የቀረነው የራሳችንን አለመጻፋችን ያስቆጨኛል። የድሮ ሸይኾቻችን ቢያንስ በኪታባቸው ኅዳግ ላይ ረሃብ የገባበትን ዓመትና ጨረቃ የታየችበትን ሌሊት ይጽፉ ነበር።

የሸይኽ ዐብዱረሕማን መጽሐፍ በሕይወታቸው ሳሉ አልታተመም። የፓሻውን ሥርዓት ስለሚነካ በግብፅ ለረጅም ዓመታት ታግዶ ኖረ፤ ሙሉው በቡላቅ ማተሚያ ቤት የታተመው እሳቸው ካረፉ ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1297 ዓመተ ሂጅራ ነው። እስከዚያው ድረስ ያቆዩት በእጅ የገለበጡት ሰዎች ናቸው።

እሳቸው ራሳቸው ግን ከፓሻው ቀድመው ዝም አሉ። በ1237 ዓመተ ሂጅራ፣ በረመዳን የመጨረሻ ሌሊቶች፣ ልጃቸው ኸሊል ሹብራ ከሚባለው ሰፈር ሲመለስ በመንገድ ላይ ተገደለ። ገዳዩ አልታወቀም፤ ጣቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ የቀሰረ ግን ብዙ ነው። ሸይኹ ከዚያ በኋላ በለቅሶ ብዛት ዓይናቸው ጠፋ፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ገደማም ወደ አኼራ ሄዱ። አራተኛው ጥራዝ የሚያበቃው በ1236 ነው። የሌላውን ሰው ሞት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየወሩ ሲጽፉ የኖሩት ሸይኽ፣ የልጃቸው የተገደለበት ዓመት በመጽሐፋቸው ውስጥ የለም።