መቃብሩ ያልታወቀ ሰማዕት፦ የአቡነ ጴጥሮስ አስከሬንና የአራዳ ዝምታ

በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ቆሟል። ነጠላቸውን አጣፍተው ጊዮርጊስን ሊሳለሙ የሚሄዱ ምእመናንም ሆኑ ታክሲ ፍለጋ የሚጣደፉ ሠራተኞች በየዕለቱ በሥሩ ያልፋሉ። ሐውልቱ የቆመላቸው ጳጳስ ዐፅም ግን የት እንዳረፈ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሕዝብ እንዲያየው ተብሎ በአደባባይ የተገደለ ሰው አስከሬን እንዴት ሊሰወር ቻለ? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንኑ ነው፤ የሰማዕቱ አሟሟት ብዙ ጊዜ ተጽፏል፣ ከሞታቸው በኋላ ያለው ግን እምብዛም አልተጠየቀም።

የምንመዝናቸው ምንጮች ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው የወራሪው የጣሊያን ወገን ጽሑፍ ሲሆን፣ በግድያው ጊዜ አዲስ አበባ የነበረው የኮርየሬ ዴላ ሴራ ጋዜጣ ዘጋቢ ቺሮ ፖጃሊ በግል ማስታወሻው ያሰፈረውና ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የታተመው ምስክርነት በዚህ ወገን ልዩ ክብደት አለው። ሁለተኛው ከዐርበኞችና ከቤተ ክህነት ሰዎች አፍ የወረደው ትውፊት ነው። ሦስተኛው ከነጻነት በኋላ በሐውልትና በመድረክ የተቀረጸው መታሰቢያ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» የተሰኘው ተውኔት በብዙዎቻችን ልብ ውስጥ የጳጳሱን የመጨረሻ ሰዓት ስላተመ፣ በመድረክ የሰማነውን በዐይን ምስክር ከተነገረው መለየት ቀላል አይደለም። ቢሆንም መለየት ግድ ይለናል፤ ተውኔቱ ለታላቅነቱ የታሪክ ማስረጃ መሆን አያስፈልገውምና።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ሰው ነበሩ፤ የተወለዱት በፍቼ አካባቢ ነው፣ ትምህርታቸውም ከደብረ ሊባኖስ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1921 ዓ.ም ከአቡነ አብርሃም፣ ከአቡነ ሚካኤልና ከአቡነ ይስሐቅ ጋር ጵጵስና ተቀበሉ። ለዘመናት ጳጳስ ከእስክንድርያ ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ይህ ትልቅ መታጠፊያ ነበር። የእነዚህ አራት አባቶች ዕጣ ግን አንድ አልሆነም፦ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል በጣሊያን ጥይት ሲወድቁ፣ አቡነ አብርሃም በወረራው ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ተብለው ተሾሙ። የዘመኑን ፈተና የሚመዝን ሰው ይህን ልዩነት ሊሸፍነው አይገባም፤ የጴጥሮስ እምቢታ ክብደት የሚታወቀው ሌላ ምርጫ እንደነበረ ሲታሰብ ነውና።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ቢገባም፣ በዙሪያዋ ያለው አገር አልተገዛም ነበር። ክረምቱ መንገዱን ሁሉ ጭቃ ስላደረገው ከተማዋ በባቡር ሐዲዱ ላይ ተንጠልጥላ ቀረች። የራስ ካሣ ልጅ ደጃዝማች አበራ ካሣና ሌሎች የጦር መሪዎች ከተማዋን ከየአቅጣጫው ለማጥቃት የመከሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ አቡነ ጴጥሮስም ከሰላሌው ጦር ጋር ነበሩ። ጥቃቱ ሐምሌ 21 ቀን ተጀመረ። ከየአቅጣጫው የመጡት ጦሮች መገናኛ ስላልነበራቸው በአንድ ሰዓት መድረስ አልቻሉም፤ የሞላው ወንዝም አዘገያቸው። አንዱ ሲዋጋ ሌላው ገና በመንገድ ላይ ስለነበር የጣሊያን ጦር በየተራ መለሳቸው።

ምንጮቻችን መለያየት የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። በአንዱ አተራረክ አቡነ ጴጥሮስ በከተማው ውስጥ ተይዘው ለጣሊያኖች ተሰጡ፤ በሌላው ደግሞ ከወራሪው ጋር ለነበሩት ለራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው እጃቸውን ሰጡ። ሁለተኛው አተራረክ ለወራሪው የሚመች ይመስላል፤ ጳጳሱን ተስፋ የቆረጡ አድርጎ ያሳያልና። ይሁን እንጂ ስለሚመች ብቻ ሐሰት ነው ማለት አንችልም፤ ሕዝቡን ጥለው ላለመሸሽ የቆረጡ ሰው ራሳቸውን ያቀረቡ እንደሆነ ያው ድርጊት ሌላ ትርጉም ይይዛል። በቀኑም ላይ ልዩነት አለ፤ በእኛ ዘንድ የጸናው ሐምሌ 22 ሲሆን፣ ግድያውን በማግስቱ የሚያደርጉ ጽሑፎችም አሉ።

ስለ ፍርዱና ስለ ግድያው ግን ወዳጅና ጠላት በዋናው ነገር ይስማማሉ። ጳጳሱ በችኮላ በተሰየመ ችሎት ፊት ቀረቡ። ግብጻዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቄርሎስ አገዛዙን ሲቀበሉ እርስዎ ለምን ያምፃሉ ተብለው እንደተጠየቁ፣ እሳቸውም ኃላፊነታቸው ለአገራቸውና ለቤተ ክርስቲያናቸው መሆኑን እንደመለሱ ይተረካል። የመልሱ ቃላት ከተራኪ ተራኪ ይለዋወጣሉ፤ ሐሳቡ ግን አይለወጥም። ከዚያ ሕዝብ በተሰበሰበበት በካራቢኒየሪ ጥይት ተገደሉ። በትውፊት እንደሚነገረው መስቀላቸው፣ መጽሐፋቸውና የኪስ ሰዓታቸው በጥይት ተበስተው ተገኝተዋል። እስከዚህች ደቂቃ ድረስ ምስክር ሞልቶናል። ከዚህች ደቂቃ በኋላ ግን ሁሉም ዝም ይላል፤ አስከሬኑን ማን አነሣው፣ ወዴት ተወሰደ፣ ማን ቀበረው ለሚለው ጥያቄ የታመነ መልስ አልተገኘም።

የጣሊያን እንደራሴ ሩዶልፎ ግራዚያኒ መቃብሩ የሕዝብ መሳለሚያ እንዳይሆን ፈርቶ አሰወረው የሚለው ማብራሪያ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት አለው፤ ለእኛም የሚቀርበው ይኸው ነው። ሆኖም የግራዚያኒ የታወቀ ልማድ ነበር ብለን ብቻ ልንደመድም አንችልም። መስከረም 1924 ዓ.ም ላይ በሊቢያ የጣሊያንን አገዛዝ የተዋጋው ዑመር አል ሙኽታር በብዙ ሺህ እስረኞች ፊት ሲሰቀል የግዛቲቱ ምክትል ገዥ ይኸው ሰው ነበር፤ የሙኽታር መቃብር ግን በቤንጋዚ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱን በአራዳ በራሷ እንፈልገው፦ ግድያው የተፈጸመው በከተማዋ ገበያና በዋናው ደብሯ ሥር፣ ጦርነቱ ገና ጭሱ ሳይበርድ ነው። የታወቀ መቃብር በዚያች ሳምንት ሌላ ዐመፅ ሊቀሰቅስ ይችል ነበር።

የተሰወረ መቃብር ለዘላለም ይሰወራል ማለት ግን አይደለም። በግንቦት 1929 ዓ.ም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በተፈጁ ጊዜ የግራዚያኒ ቴሌግራሞች የሟቾቹን ቁጥር ከ449 አላሳለፉትም፤ ቦታውም ለአሥርት ዓመታት ከአካባቢው ሰው በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ፃድቅ በ1980ዎቹ በየመንደሩ ዞረው በሕይወት የነበሩ ምስክሮችን በመጠየቅ ላጋ ወልዴ የተባለውን የግድያ ስፍራ ለዩ፤ የሟቾቹም ቁጥር ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርስ ገመቱ። የወራሪውን ወረቀት ያረመው የገበሬው ትዝታ ነበር።

የደርግ ዘመን ሰለባዎችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጡናል። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሞት በነሐሴ 1967 ዓ.ም ሲነገር አስከሬናቸው ግን አልታየም ነበር፤ ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ዓ.ም ነው፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈውም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም። በ1971 ዓ.ም የተገደሉት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ዐፅማቸው የተገኘው በዚያው በ1984 ዓ.ም ሲሆን፣ ባሠሩት በጎፋ ገብርኤል አርፈዋል። እነዚህ ሊገኙ የቻሉት መንግሥት በመለወጡ ብቻ አልነበረም፤ ትእዛዙን የሰጡና ጉድጓዱን ያዩ ሰዎች በአገር ውስጥ ነበሩ፣ ሊጠየቁም ይችሉ ነበር።

በአቡነ ጴጥሮስ ጉዳይ የጎደለው ይህ መጠየቅ ነው። ትእዛዝ ሰጪዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ ወረቀቶቻቸውም አብረዋቸው ሄዱ። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ የጣሊያን ጦር አዛዦቹን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ሰዎችን ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ክሷ ተቀባይነት ቢያገኝም፣ ችሎት ፊት የቀረበ አንድም አልነበረም። ግራዚያኒ በገዛ አገሩ በ1942 ዓ.ም 19 ዓመት ሲፈረድበት እንኳ ወንጀሉ ከናዚዎች ጋር መተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያ የሠራው ግፍ አልነበረም፤ እሱም ከወራት በኋላ ተፈታ። ችሎት ቢሰየም ኖሮ አንድ ዳኛ ካራቢኒየሪውን «አስከሬኑን የት አደረሳችሁት?» ብሎ በጠየቀው፣ መልሱም በመዝገብ በሰፈረ ነበር። የመቃብሩ መጥፋት ከፍርዱ መጥፋት ጋር አንድ ታሪክ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 2005 ዓ.ም፣ ለባቡር ግንባታ ሲባል ሐውልቱ በክሬን ተነሥቶ ተወሰደ፤ ወደ ስፍራው የተመለሰው በ2008 ዓ.ም ነው። በነዚያ ዓመታት የከተማው ሰው ሐውልቱ የት እንደተቀመጠ፣ መቼ እንደሚመለስ ሳይታክት ይጠይቅ ነበር፤ መጠየቁም ተገቢ ነበር። ስለ ሰውየው አስከሬንም ይኸው ጥያቄ በዚያው ጽናት ለሮም ቤተ መዛግብት ሊቀርብ፣ ከአራዳ ነባር ቤተሰቦችና ከደብሩ አገልጋዮች ዘንድ የቀረ ትዝታ ካለም ሳይረሳ ሊመዘገብ ይገባል። ሐምሌ 22 ሲመጣ ጉንጉን አበባ የምናኖረው በሐውልት ሥር ነው፤ ፍትሐቱ የሚደርስበት መቃብር እስኪገኝ ድረስ ግን ይህ መዝገብ አልተዘጋም።